አብዱልሀፊዝን በስዊድን ያስጓዝኩበት ክረምት

ጆሃንስበርግ፣ ነሐሴ 2013 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ እህቴ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንደምን ከርመሻል? ጉንፋኑስ ለቀቀሽ? እናታችን እንዴት ናት? የግፊት መድኃኒቷን በሰዓቱ ትውጣለች ወይስ እንደ ልማዷ ትንሽ ሻል ሲላት ትተዋለች? የአጎታችን የአቢሶ እግርስ እንዴት ሆነ? ዘንድሮ ክረምቱ ቡታጅራ ላይ በርትቷል ሲሉ ሰማሁ፤ ጎርፉ በጓሮው በር እንዳይገባባችሁ አፈሩን አስደልድሉ። እጮኛሽን ሰላም በይልኝ። እኔ አልሐምዱሊላህ ለሥጋዬ ደህና ነኝ። ሳሉ ለቆኛል። ሽታና ጣዕም ግን ኮሮናው ከወሰደብኝ ወዲህ እስካሁን አልተመለሰልኝም። ሚስባህ ወጥ በሠራ ቁጥር አላህን የማመሰግንበት ብቸኛው ሕመሜ እሱ ነው።

እኔና ደብዳቤ ከተለያየን ብዙ ጊዜያችን ነው። በስልክ ያልነገርኩሽ ስልክሽ እናታችን እጅ ስለሚውል ነው። ድምፅ ብልክልሽ ቀድማሽ ትሰማዋለች፣ ጽሑፍ ብልክልሽ የጎረቤት ልጅ ጠርታ ታስነብባለች። ስለዚህ እንደ ድሮው በሰው እጅ ይሻላል ብዬ ነው። ሽኩር ሰኞ ወደ አገር ቤት ይበራል። ለአንቺ ብቻ እንዲሰጥሽ፣ ያውም ከቤት ውጪ እንዲሰጥሽ አስጠንቅቄዋለሁ።

ባለፈው የላክሽልኝን መልእክት ሱቅ ውስጥ ቆሜ ሰማሁት። ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች መጥተው እናታችንን እንዲያረዷት ከአጎታችን ጋር ተስማምተናል ብለሻል። የመስከረሙ ሠርግም ይቅር ብለሻል። ወንድሜ አፈር ለብሶ እኔ ሂና አልቀባም፣ እሷንም የልጇን ሞት ደብቄ በሠርጌ እልል አላስብላትም አልሽ። እህቴ፣ ቃልሽ ትክክል ነው። በአንቺ ቦታ ብሆን እኔም ያንኑ እል ነበር። ሆኖም የምለምንሽ ሽማግሌዎቹን እንድታስቀሪያቸው፣ ሠርግሽንም በቀኑ እንድታደርጊ ነው። ተቆጥተሽ ወረቀቱን ከመቅደድሽ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቢልኝ። ወንድምሽ አብዱልሀፊዝ ስዊድን ሄዷል እንዳልኳት ታውቂያለሽ። ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ የጨመርኩበትን ግን አታውቂም።

ስዊድንን ያመጣት እሱ ራሱ ነው። እኔና እሱ ወደዚህ አገር እንዴት እንደመጣን ለእናታችን አንዳችንም በትክክል ነግረናት አናውቅም። ከሞያሌ ወዲህ ያለውን መንገድ ግማሹን የተጓዝነው በጭነት መኪና ሆድ ውስጥ፣ ግማሹን ደግሞ በእግራችን፣ ቀን ጫካ ተኝተን ሌሊት እየሄድን ነው። ቅጠል ኮሽ ባለ ቁጥር ፖሊስ ነው፣ ሽፍታ ነው እያልን። ከዚያ ዛንድስፕሩት በቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ በፍርግርግ መሀል ዳቦና ሲጋራ ሲሸጥ ኖረ፤ እየሸጠ ተማረ፣ የመሬት ቅየሳ ባለሙያ ሆነ፣ የመኖሪያ ወረቀቱንም አገኘ። እንግዲህ ሰው ከሆነ በኋላ ምን ቢመኝ ጥሩ ነው? ደግሞ በእግር መሄድ!

እሁድ እሁድ እኔ ቤት ምሳ ስንበላ ኮምፒውተሩን ይከፍትና የስዊድንን ጫካና ተራራ ያሳየናል። እዚያ አገር መሬቱ የማንም ይሁን የማን መንገደኛ በእግሩ ያልፍበታል፣ ድንኳን ተክሎም ያድርበታል፣ የሰው ደጅና እርሻ እስካልረገጠ ድረስ ከየት መጣህ ብሎ የሚያስነሳው የለም ይለናል። ሚስባህን ታውቂዋለሽ፣ ካትሌሆንግ ሱቅ ያለውን። በነጻ የተንከራተትነው አንሶን አሁን ከፍለን ልንንከራተት ነው እያለ ያሾፍበት ነበር። ጓደኛችን ዶክተር አልአዛር ለሥልጠና ስቶክሆልም ደርሶ ስለተመለሰ ራሱን መንገድ መሪ አድርጎ ሾመ። እኔ ደግሞ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ልቤ ከሥጋው ላይ ስለነበር ግማሹን አላዳምጥም። አንድ እሁድ ግን አብዱልሀፊዝ፣ ሰው ሳልፈራ ጫካ ውስጥ ተኝቼ መነሳት እፈልጋለሁ አለን። ከዚያ ወዲያ ሚስባህም አላሾፈም።

ለ2012 ክረምት ለመሄድ ተነሳን። ከረጢትና ጫማ ገዛን፣ ከከተማ ወጣ ብለን ማጋሊስበርግ ተራራ ላይ ልምምድ አደረግን፤ ሚስባህ ግማሽ መንገድ ላይ ተቀምጦ ስንመለስ አገኘነው። ቀጥሎ ወረርሽኙ መጣ፣ አይሮፕላኑም ቆመ። ለከርሞ ይደርሳል አልን። አብዱልሀፊዝ ጉዞውን ለእናታችን ነግሯት ስለነበር በየጊዜው መቼ ነው የምትሄደው እያለች ትጠይቀው ነበር። ውሸቴን ሳልዘራው ያበቀለልኝ ይኸው ነው።

ዘንድሮ በሰኔ ታመመ። አልአዛር ባይኖር አልጋም አናገኝም ነበር፤ በዚያ ሰሞን በሽተኛው በየሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ሞልቶ ነበር። ጠያቂ አይገባም። እኔ ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት መኪና ውስጥ ተቀምጬ የአልአዛርን ስልክ ስጠብቅ የደወለችው እናታችን ሆነች። ልጄ ስልክ አያነሳም፣ ምን ሆኖ ነው አለችኝ። አፌ ቀደመኝ። የስዊድኑ ጉዞ ደርሶ ከእነ ሚስባህ ጋር አይሮፕላን ላይ ነው አልኳት። ኦክስጅኑ ተነቅሎለት ራሱ እስኪያነጋግራት ለሁለት ሦስት ቀን ብዬ ነበር። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሉት የለ? እሷ እንዴት ደስ እንዳላት ብትሰሚ። አልሐምዱሊላህ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ለደስታው ይሂድ አለች። በዚያን ጊዜ ከዚህ አገር ተነስቶ ስዊድን መግባት ጭራሽ ክልክል ነበር። ቡታጅራ ገበያ የአውሮፓን የጉዞ ሕግ የሚከታተል ሰው አለመኖሩ አዳነኝ።

በማግስቱ እንደገና ደወለች። እንግዲህ ስቶክሆልም አሳረፍኳቸው። አልአዛርን በስልክ እየጠየቅሁ ከተማው በውሃ ላይ የተበተነ ደሴት ነው፣ ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው በድልድይ ነው የሚኬደው፣ በአሮጌው ከተማ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያሳልፍ ቀጭን መንገድ አለ አልኳት። የሐላል ሥጋ አግኝተዋል ወይ አለች። ሶማሌዎች የሞሉበት ሰፈር አለ፣ እዚያ በልተዋል አልኳት። ማታ በአራት ሰዓትም ፀሐይ አለች፣ ወደ ሰሜን ሲዘልቁ ደግሞ ጭራሽ አትጠልቅም ስላት ግን አሰበች። ታዲያ መግሪብን መቼ ይሰግዳል አለችኝ።

ይህንን አላሰብኩትም ነበር። ለኢማማችን ሄጄ አንድ ጓደኛዬ ፀሐይ የማትጠልቅበት አገር ሄዶ ነው ብዬ ጠየቅኋቸው። እሳቸው በትዕግሥት አስረዱኝ፤ ሊቃውንቱ ፀሐይ በምትጠልቅበት በቅርቡ አገር ሰዓት ይስገድ ይላሉ አሉኝ፣ ለጓደኛህም ሰላምታዬን አድርስልኝ ብለው ሸኙኝ። መልሱን ይዤ ስወጣ አልአዛር ደወለ። በእናታችን ሒሳብ አብዱልሀፊዝ ያን ሰዓት ወደ ሰሜን በሚሄደው ባቡር ላይ ነበር።

የቀብሩን ነገር በስልክ በቁንጽል ነው የነገርኩሽ። ፍሪጅ ውስጥ አላደረም፤ የዚህ አገር ወንድሞች ለዚሁ ሥራ የሠለጠኑ ናቸው፣ እንደ ሥርዓቱ ከላይ እስከ ታች ፕላስቲክ ለብሰው አጥበው ከፈኑት። እኔ፣ ሚስባህና አልአዛር ራቅ ብላችሁ ቁሙ በተባልንበት ቆምን። ሰላተል ጀናዛውን ሰገድን። ከመቃብሩ ጫፍ እንድንደርስ ግን አልተፈቀደልንም፤ አፈር ያለበሱት እነሱ ናቸው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂዋለሽ። ግፊቷ ከፍ ብሎ ነበር፣ ዓረፋ ደርሶ ነበር፣ ከየከተማው ዘመድ እየገባ ነበር። አጎታችን ከዓረፋ በኋላ ይነገራታል አሉ። ዓረፋ ሲያልፍ እሷ ራሷ ታማ ተኛች፣ ስትድን ይሁን ተባለ። እስከዚያው አብዱልሀፊዝን መንገድ ላይ ማቆየት የእኔ ሥራ ሆነ። ጁምዓ በመጣ ቁጥር ከሰላት በኋላ ትደውላለች፤ የት ደረሱ ትለኛለች።

በሐምሌ እዚህ ከተማ የሱቅ ዘረፋው ሲነሳ ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። የሚስባህ ሱቅ መዘረፉን፣ እሱም ጣሪያ ቀድዶ ማምለጡን ዘመዶቹ ቡታጅራ ድረስ አወሩት። እኔ ደግሞ ሚስባህን ከእነ አብዱልሀፊዝ ጋር ስዊድን አስገብቼዋለሁ። ምን ላድርግ? እግሩ ውሃ ቋጥሮ ከመንገድ ተመለሰ አልኳት። እሷ ሳቀች፣ ሚስባህ ድሮም ለመንገድ አይሆንም አለች። ሚስባህ ይህን ሲሰማ ተናደደ፤ ሱቄ ባዶ ቀርቶ አንተ ስሜን ታጠፋለህ አለኝ። እኔም እሱም ከዘረፋው ወዲህ የሳቅነው ያኔ ነው።

ከባቡሩ ያወረድኳቸው አቢስኮ በሚባል ቦታ ነው። ከዚያ ወደ ደቡብ የንጉሥ መንገድ የሚሉት የእግር መንገድ ይጀምራል፤ አብዱልሀፊዝ ካርታውን ዘርግቶ ጣቱን ሲያስኬድበት የነበረው መንገድ። ረግረጉ ላይ ጣውላ ተነጥፎበታል፣ ሰው በጣውላው ላይ ይሄዳል። ወንዙ በተንጠለጠለ ድልድይ ይሻገሩታል። ማደሪያ ጎጆ አለ፣ መብራት የለውም፣ ውሃውን ራስሽ ከወንዝ ትቀጂያለሽ፣ እንጨቱን ራስሽ ትፈልጫለሽ። ስልክ አይሠራም። ስልክ የማይሠራበት ቦታ ማግኘቴ እንዴት እንዳሳረፈኝ አልነግርሽም። ከተራራ ሲወጡ አንዳንድ ጊዜ ለእኔ መልእክት ይልካል እላት ነበር።

በዚያ ሰሞን ሐበሻ የሚነግድበት ጂፒ ሰፈር ባለው ሱቄ ውስጥ ብርድ ልብስ ክምር ላይ ተቀምጬ ቀኑን ሙሉ የስዊድን ተራራ ቪዲዮ ሳይ እውል ነበር። ደንበኛ ገብቶ ማይ ፍሬንድ፣ ስንት ነው ይለኛል፣ እኔ አጋዘን ወንዝ ሲሻገር እያየሁ ነኝ። ረግረግ ላይ የሚበቅል ብርቱካንማ እንጆሪ አለ፣ አብዱልሀፊዝ ለቅሞ በላ አልኳት። ትንኙ ፊቱን አሳበጠው አልኳት፤ ቅቤ ይቀባ አለች። ተራራው ከዘቢዳር ይበልጣል ወይ አለች። ዘቢዳር ይበልጣል ስላት ኮራች፤ ታዲያ ዘቢዳርን ትቶ ምን ፍለጋ ነው እዚያ ድረስ የሄደው አለች። የዘቢዳር መብለጥ እንኳ እውነት ነው፣ አረጋግጬዋለሁ።

ውሸት ሲናገሩ ውቃቢ ይርቃል ይባላል። ከእኔ የራቀው ግን ሐዘኑ ነበር። አንድ ቀን የዝናብ ትንበያ ተመልክቼ ዛሬስ ይበሰብሳሉ ብዬ ስጨነቅ ራሴን ያዝኩት። ለአልአዛር ስነግረው አልሳቀም። እሱ በዚህ ዓመት ስንቱን ዓይን እንደከደነ አላህ ያውቃል። ከአሁን በኋላ ስለ ስዊድን አትጠይቀኝ አለኝ። ከእናቱ አይደለም የደበቅኸው፣ ከራስህ ነው የደበቅኸው፣ አንተ እስካሁን አልቀበርከውም አለኝ። ተናደድኩ። ለማታውቀው እናት አትናገር፣ አንተ ሐኪም ነህ፣ ለሬሳ ለምደሃል አልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ አልተነጋገርንም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የሞኝ ለቅሶ መልሶ መላልሶ እንዳትይኝ እንጂ ይህን ሁሉ ያወራሁልሽ ያለፈው ጁምዓ እንዲገባሽ ነው። አንቺ ልብስ ሰፊዋ ቤት ሄደሽ ነበር። እናታችን ያንን ጠብቃ ነው የደወለችው፤ ቤት ውስጥ ማንም የለም ብላ ነው የጀመረችልኝ።

አንተ ልጅ አለችኝ፣ ከዓረፋ ወዲህ ስለ አብዱልሀፊዝ የሚጠይቀኝ ሰው ጠፋ። ድሮ ገበያ ስወጣ ከሰላምታው ቀጥሎ እሱ ነበር አለች፤ ደወለ ወይ፣ መቼ ይመጣል፣ ሚስት አያገባም ወይ እያሉ ያደክሙኝ ነበር። አሁን ስለ ላሟ ይጠይቁኛል፣ ስለ ዶሮዎቹ ይጠይቁኛል፣ ስለ እህቱ ሠርግ ይጠይቁኛል፣ እሱን ይዘሉታል። ረሒማ እንኳ አለችኝ፣ ሦስት ጎረቤት አልፋ እየመጣች እንዴት ነው ያ ፈሪ ልጅሽ የምትለኝ ረሒማ፣ ስሙን ካነሳች ቆየች፤ እኔ ሳነሳው ደግሞ እሳቱን ልቆስቁስ ብላ ትነሳለች።

እህቴ፣ ምን ልበላት? ለአገሩ ሁሉ አደራ ብለናል፣ አገሩም አደራውን ጠበቀልን። የሁሉንም ጤና አንድ በአንድ መጠየቅ ልማዱ የሆነ ሰው ስህተት እንዳይሠራ ፈርቶ አንዱን ስም ተወው። ሰዎች ሥራ በዝቶባቸው ነው አልኳት።

ቀጥላ ስለ መንገዱ ጠየቀችኝ። ሌላ ጊዜ የምትጠይቀኝ ስለሚያየው ነገር ነበር። ያን ቀን ስለ ተራራው አንድም አልጠየቀችም። ውሃ አግኝቶ ታጠበ ወይ አለችኝ። እዚያ ውሃ ሞልቷል አልኳት። ስለ ውሃው አላልኩህም፣ እሱ ታጠበ ወይ አለች። አዎ፣ የሚያውቁ ሰዎች በደንብ አጥበውታል አልኳት። ጤነኛ ጎልማሳን ሰው እንደማያጥበው ትዝ ያለኝ ከተናገርኩ በኋላ ነው። እሷ ግን አልተገረመችም። ልብሱስ አለችኝ። ነጭ ነው፣ ንጹህ ነው አልኳት። ብቻውን ነው የሄደው ወይስ ጓደኞቹ ሸኙት አለችኝ። እስከ ተፈቀደልን ድረስ አብረነው ሄደናል አልኳት። ሄደናል አልኩ፣ እኔ ሱቅ ለመጠበቅ ጆሃንስበርግ ቀረሁ ብያት ሳለ። ያረፈበት ቦታ ሜዳ ነው ወይስ ዳገት አለችኝ። ሜዳ ነው፣ ሳሩ አሁን በብርድ ደርቋል፣ ዝናብ ሲመጣ ግን ይለመልማል አልኳት። ምላሴን ልይዘው አልቻልኩም፣ ደግሞም መያዙን አልፈለግሁም።

በመጨረሻ፣ ሲተኛ ፊቱን ወደ የት አዙሮ ነው አለችኝ። ወደ ሰሜን አልኳት።

እናታችን ፊደል አልቆጠረችም። ስዊድን ከመካ በላይ እንደሆነች፣ እዚያ ያለ ሰው ወደ ደቡብ ዞሮ እንደሚሰግድ ግን በሐምሌ እኔው ራሴ ነግሬያት ስቃ ነበር፤ ከእኛ በተቃራኒ ማለት ነው ብላ። ወደ ሰሜን የምንዞረው እናንተ እዚያ፣ እኛም እዚህ ጆሃንስበርግ ነን። ኔትወርክ የሄደ መስሎኝ ሃሎ አልኩ። አለሁ ልጄ አለችኝ። አላህ ቦታውን ያስፋለት አለች።

ያን ጊዜ አለቀስኩ። ከሰኔ ጀምሮ አላለቀስኩም ነበር፤ በቀብሩ ሰዓት እንኳ የሬሳ መኪናው ታርጋ ላይ አፍጥጬ ነው ያሳለፍኩት። ደንበኞች ቆመው ያዩኝ ነበር፣ አንዲት አሮጊት ማስኬን ዝቅ አድርጋ ፊቴን በሻሽዋ ጫፍ ጠረገችልኝ። እናታችን እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ስላለቀስኩ ለምን አለቀስክ አላለችኝም። በቃህ አሁን፣ ራስህን ትጎዳለህ አለችኝ፤ እህል ቀምሰሃል ወይ አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ስለ ሠርግሽ ብዙ አወራችኝ። አንዳንዱን በአደራ ነው የነገረችኝ፣ አደራ ደግሞ አይጻፍም። የምጽፍልሽ የምችለውን ነው። አባታችሁ የሞተው አንቺን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው እሱን ይዛ ሳለች ነው አለችኝ፤ በዚያ ቤት ከዚያ ወዲህ ከበሮ አልተመታም አለችኝ። ሂናሽን የምታቦካው እሷ ራሷ ናት፣ ለማንም እንዳትሰጪባት። ያቺ ልጅ አንዴ በሐዘን ከቀረች ማን መልሶ ይድራታል ብላኛለች። በመጨረሻም፣ እህቱን እስክድር ይጓዝልኝ አለችኝ። እሺ አልኳት።

ስለዚህ እህቴ፣ አጎታችንን አቢሶን ለምኚልኝ፣ ሽማግሌዎቹ ሐሙስ እንዳይመጡ። ይህን የምልሽ እናታችን አትችለውም ብዬ አይደለም። ጥርጣሬ ካለሽ እሷን አትጠይቂ፣ በዓይኗም አትፈልጊባት፤ እሷ እንደሆነች ከእኔም ካንቺም በላይ መደበቅ ታውቅበታለች። አንቺም በሷ ፊት ለመሳቅ አትፈሪ። ሳቅሽን እንደ ክህደት የምታየው እንዳይመስልሽ። ወንድሜን ረስቼ ተሞሸርኩ የሚለው ሐሳብ ሲመጣብሽ፣ የሞሸረሽ ማን እንደሆነ አስቢ።

አልአዛር ልክ ነበር፤ ይህን ለሱም ዛሬ ልነግረው ነው። ጁምዓ ጁምዓ መደወሌን አልተውም፣ እሷም አትተውም። ስለ ስዊድን እንደበፊቱ አወራላታለሁ፤ አንቺም ከጎኗ ሆነሽ ብትሰሚ አትደንግጪ፣ የት ደረሱ ብለሽ እንደማንኛውም ሰው ጠይቂ።

ሽማግሌዎቹ ሠርጉ አልፎ አንቺም መልሱን ተጠርተሽ ከተመለስሽ በኋላ ይምጡ። በሩ ጎህ ሲቀድ ሲንኳኳ ለብሳ ተቀምጣ ብታገኚያት ለምን ቀድማ ተነሳች አትበዪ። ሲነግሯት እንደ አዲስ ትጮኻለች፣ እንደ አዲስ ትወድቃለች። አንቺም ከጎኗ ውደቂ፣ እንደ አዲስ አልቅሺላት። መቼ አወቅሽ ብለሽ ግን ዕድሜ ልክሽን እንዳትጠይቂያት።

አላህ ትዳርሽን ያሳምረው፣ የሞላ ጎጆ፣ የምትስቂባቸው ልጆች ይስጥሽ። ለእናታችን ጤናና ረጅም ዕድሜ ይስጥልን። እሱንም ጀነተል ፊርደውስ ያግባው፣ ሰው ሳይፈራ ይተኛ። ሚስባህ ሰላም ብሎሻል፤ ለሠርግሽ ከተረፉት ብርድ ልብሶቼ ምርጡን መርጦ ከሽኩር ጋር ልኮልሻል፣ ሳይጠይቀኝ።

አጥር ብቻ የለየን ወንድምሽ